አንድ ቆጣሪ፣ ስድስት በር፦ በደሴ አንድ ግቢ የመብራት ሒሳብ የተስተካከለበት መንገድ

ለምን እንደጻፍኩት

ነገሩ የሆነው በ2015 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ትንሽ ከፍ ብሎ ባለ የኪራይ ግቢ ነው። ከተከራዮቹ አንዱ ነበርኩ። ሥራዬ ሒሳብ ነው፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይደለሁም። የማንንም ስም አልጠራም። ጎረቤት ጎረቤቱን የጠረጠረበት ጉዳይ ስለሆነ ሰዎቹ በስም መነሳት የለባቸውም፣ ይጻፍ ሲሉ ግን ሁሉም ፈቅደውልኛል።

ለመጻፍ የተነሳሁት ሁለት ወዳጆቼ፣ አንዱ ኮምቦልቻ፣ አንዱ እዚሁ ደሴ ሆጤ ሰፈር፣ በተመሳሳይ ጠብ ገብተው "እናንተ እንዴት አደረጋችሁት?" ብለው ስለጠየቁኝ ነው። በቃል ስነግራቸው ዋናውን ነገር እየዘለልኩ የመጨረሻውን ብቻ አወራለሁ። ያልሠራውንም ጨምሬ አንድ ጊዜ ልጻፈው አልኩ።

ግቢው

ግቢው ስድስት በር አለው። ዋናው ቤት የአከራያችን ነው። ባላቸው ካረፉ ቆይቷል፤ ከሴት ልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ጓሮ በተሠሩት ክፍሎች አራት ተከራዮች ነበርን። እኔ ከባለቤቴና ታኅሣሥ ላይ ከተወለደው ልጃችን ጋር፣ አንድ ክፍል በጋራ የያዙ ሁለት ወጣት ሠራተኞች፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ አዛውንት፣ እንዲሁም በጦርነቱ ተፈናቅላ መጥታ እዚሁ የቀረች፣ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች እያስረከበች ሦስት ልጅ የምታሳድግ እናት። ስድስተኛው በር ወደ መንገድ የሚከፈት ሱቅ ነው።

ለዚህ ሁሉ ያለው ቆጣሪ አንድ ነው። በሟቹ አባወራ ስም የተመዘገበ ነው፤ ተጠቅመው በወሩ የሚከፍሉበት እንጂ ካርድ የሚሞላበት አይደለም። ቢሉ ሲመጣ የእትዬ ልጅ በቴሌብር ትከፍልና ከእኛ ትሰበስባለች። የምትሰበስበው ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ በሚስማር በተመታ ካርቶን መሠረት ነበር። ጭስ ያጠቆረው ካርቶን ላይ በስክሪፕቶ እንዲህ ይላል፦ ለአምፖልና ለስልክ ቻርጅ 40፣ ለሬዲዮ 20፣ ለቴሌቪዥን 40፣ ለፍሪጅ 90፣ ለስቶቭ 120፣ ለምጣድ 150። ከሥሩ በቀይ "ካውያ ክልክል ነው" ተብሎ ተጽፏል።

በዚህ መሠረት በወር አዛውንቱ 60፣ ወጣቶቹ 160፣ እኔ 170፣ እንጀራ ጋጋሪዋ 190 ብር እንከፍላለን። ድምሩ 580 ነው። የቀረውን እትዬ ይሞላሉ። ሱቁ ካርቶኑ ላይ የለም።

ካርቶኑ ለመጨረሻ ጊዜ የታረመው በ2012 ነበር። ከዚያ በኋላ ምን እንደተለወጠ ማንም አላሰበም። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ ለአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጎ ነበር፤ የመጨረሻው ጭማሪ በ2014 ሥራ ላይ ውሏል። ጭማሪው ለሁሉም እኩል አልነበረም። ለመኖሪያ ቤት ታሪፉ በእርከን የተከፈለ ነው። በ2015 የመጀመሪያው እርከን፣ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው ፍጆታችንን የሚቆጥርበት መለኪያ) ያለው፣ ለአንዱ 27 ሳንቲም ገደማ ነበር። ከ51 እስከ 100 ያለው 77 ሳንቲም ገደማ። ከዚያ 1 ብር ከ62፣ 2 ብር፣ 2 ብር ከ20፣ 2 ብር ከ40 እያለ ይወጣና ከ500 በላይ ሲሆን 2 ብር ከ48 ሳንቲም ይደርሳል። ከታችኛው እስከ ላይኛው እርከን ዘጠኝ እጥፍ ልዩነት አለ።

የታችኛው እርከን ርካሽ የሆነው ትንሽ የሚጠቀም፣ ብዙ ጊዜም ድሃ የሆነ ቤተሰብ እንዳይጎዳ ነው። ቆጣሪው ግን ስድስት በር እንዳለ አያውቅም። ሁላችንንም እንደ አንድ ትልቅ ቤተሰብ ደምሮ ያነባል። ለየብቻችን ብንሆን አብዛኞቻችን ከታች ባሉት እርከኖች እንቀር ነበር፤ አንድ ላይ ሆነን ግን ከላይ ካሉት እርከኖች ወርደን አናውቅም። ይህን እኔ ራሴ፣ ቁጥር ስደምር የምውለው ሰው፣ ቢሉን ቁጭ ብዬ እስካነብ ድረስ አልተረዳሁትም ነበር።

ጠቡ

የመጋቢት ቢል ከ1 ሺህ 600 ብር በላይ ሆኖ መጣ። ከዚያ በፊት የነበሩት ሁለት ወራት እያንዳንዳቸው ከ1 ሺህ በታች ነበሩ። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን ስለተገጣጠሙ ግቢው ውስጥ የማይጾም አዋቂ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ገሚሱ ለሱሁር ሌሊት ይነሳል፣ ገሚሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል። ሰው ሁሉ ደክሞታል። እትዬ በዚህ መሃል ሰበሰቡንና ከካርቶኑ በላይ የመጣውን ለበሩ ሁሉ እኩል እናካፍለው አሉ።

ወጣቶቹ ወዲያው ተቃወሙ። "ምጣድ ያለው ይክፈለው" አለ አንደኛው፣ ማንን እንደሚል ሳይደብቅ። እንጀራ ጋጋሪዋ ለአፍታ ዝም ብላ ቆየችና "እትዬ፣ ምጣዱን ተዪ ካሉኝ እተዋለሁ። ልጆቼን ግን በምን ላሳድግ?" አለች። እትዬም "አብሽሪ ልጄ፣ ተዪ ያለሽ የለም" አሏት። ግን ማንም ከጎኗ ሆኖ አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም። በልቤ የምጠረጥረው እትዬን ነበር፤ የራሳቸውን ፍጆታ በእኛ ላይ የሚያከፋፍሉ ይመስለኝ ነበር። ለባለቤቴ ማታ ይህንኑ ነግሬያታለሁ። ሁለቱም ጥርጣሬ፣ የወጣቶቹም የእኔም፣ የተመሠረተበት አንድም ቁጥር አልነበረም።

አዛውንቱ መጨረሻ ላይ "እኔ ማታ ማታ ሬዲዮ ነው የማዳምጠው" ብለው ተነስተው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ስብሰባው በዚያ ተበተነ።

ቢሎቹን ማንበብ

በማግሥቱ እትዬን ያለፉትን ቢሎች እንዲያሳዩኝ ጠየቅኳቸው። ቅር ይላቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን በብስኩት ቆርቆሮ ያጠራቀሙትን ሁሉ ከነቆርቆሮው ሰጡኝ። "አንተ ተማርህ አይደል፣ እስቲ እየው" አሉኝ።

ቢል ላይ አብዛኛው ሰው የሚያየው የብሩን መጠን ነው። ጥቅም ያላቸው ግን ሌሎች ሦስት ቁጥሮች ናቸው፦ ያለፈው ንባብ፣ የአሁኑ ንባብና ልዩነታቸው። የጥር ቢል ከ18,214 ተነስቶ 18,609 ይላል፤ ልዩነቱ 395 ነው። የየካቲት ከ18,609 እስከ 19,004፤ እሱም 395። የመጋቢት ከ19,004 እስከ 19,654፤ 650 ሆነ። ሁለት ወር ተከታትሎ አንድም ሳይጨምር ሳይቀንስ 395 መሆኑ አጠራጠረኝ። ሰው የሚኖርበት ግቢ እንዲህ ልክ አይገጥምም።

ከእትዬ ልጅ ጋር ወደ መብራት ኃይል አገልግሎት መስጫ ማዕከል ሄድን። የሄድነው ብር እናስመልሳለን ብለን ነው። መስኮቱ ላይ ያገኘናት ሠራተኛ ታግሣ አየችልን። ቆጣሪ አንባቢው በጥርና በየካቲት ሲመጣ በሩ ተዘግቶ ስላገኘው ሁለቱ ወራት በግምት ተሞልተዋል፤ በመጋቢት ሲገባ እውነተኛውን ንባብ ስለወሰደ ያልተቆጠረው ሁሉ በአንድ ወር ላይ ወደቀ። ሦስቱን ወር ደምራ እኩል አካፍላ በፊታችን አሰላችው። 1,440 ለሦስት፣ በወር 480 ነው። የሚመለስልን ይህ ነው የሚባል ገንዘብ አልወጣም። ባዶ እጃችንን ተመለስን።

ያም ሆኖ ያ ቀን ትልቅ ነገር ሰጠን። "መጋቢት ላይ ምን ተፈጠረ?" የሚለው ጥያቄ ራሱ ስህተት ነበር። ግቢው በወር 480 አካባቢ ይጠቀም የነበረው ከጥር ጀምሮ ሊሆን ይችላል፤ ግምቱ ሸፍኖት ነው እንጂ። እንጀራ ጋጋሪዋ ለሽያጭ መጋገር የጀመረችው የካቲት አጋማሽ ነው። የሦስት ወር ጭነት በአንድ ወር ስለታየ ብቻ መጋቢት ላይ እጅ ተቀስሮባት ነበር።

ከዚያ ወዲህ የእትዬ ልጅ በየወሩ በ25ኛው ቀን ቆጣሪውን በስልኳ ፎቶ ታነሳለች። አንባቢው በሚመጣበት ሰሞንም በሩን የሚከፍት ሰው ተመድቧል። ምንም ወጪ አልጠየቀም፣ ግምትም ከዚያ በኋላ አልመጣብንም።

ቅዳሜ ጠዋት ቆጣሪው ሥር

በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ የሚያሠለጥን ዘመድ አለኝ። አንድ ቅዳሜ መጣልን። መጀመሪያ ያደረገው ቀላል ነበር፦ ሁሉም ሰው ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ሳይሆን ከሶኬት የተሰካውን ሁሉ እንዲነቅል አዘዘ። ከዚያ ቆጣሪው ሥር ቆመን ቀይ ብልጭታዋን ጠበቅን። ቆጣሪው ላይ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 1,600 ጊዜ ብልጭ እንደሚል ተጽፎበታል። ምንም ነገር ካልሠራ ብልጭታዋ መቆም አለባት።

አልቆመችም። በየዘጠኝ ሰከንዱ ገደማ ብልጭ ትላለች። ዘመዴ በስልኩ አስልቶ "250 ዋት አካባቢ የሚወስድ ነገር አሁን እየሠራ ነው" አለ። እርስ በርስ ተያየን። እኔ የእትዬን ቤት አየሁ፤ ወጣቶቹ ማድ ቤቱን አዩ። ሁለቱም ጨለማ ነበሩ።

ገመዱን እየተከተለ ሄደ። ከቆጣሪው ወጥቶ ገና ወደ ግቢው ሳይገባ አንድ ገመድ በጣሪያው ሥር ወደ መንገዱ ይታጠፋል። ሱቁ ነው። ባለ መስታወት የለስላሳ ፍሪጁ እየሠራ ነበር።

ሱቅ ጠባቂው የሰረቀው ነገር የለም። ውሉ "መብራትን ጨምሮ" ይላል። ውሉ ሲጻፍ ክፍሉ የልብስ ስፌት ነበር፤ በእግር የሚረገጥ ሲንጀርና አንድ አምፖል ብቻ ነው የነበረው። ከሁለት ዓመት በፊት ተከራዩ ሲለወጥ ያው ቃል ወደ አዲሱ ውል ተገለበጠ። ፍሪጁ ሲገባ ማንም ውሉን አላሰበም። እትዬ ይህን ሲሰሙ ደነገጡ፤ ለካ በየወሩ የሚሞሉት ጉድለት አብዛኛው የሱቁ ኖሯል። እኔ የጠረጠርኳቸው ሴት ከሁላችንም በላይ ሲከፍሉ ነበር። በማግሥቱ ሄጄ ነገርኳቸው፣ ይቅርታም ጠየቅኳቸው።

የዚያን ቀን ሌላም ነገር አገኘን፣ ከሒሳብ በላይ የሚያሳስብ። ወደ ማድ ቤቱ የሚሄደው ገመድ መሃል ላይ ተቀጥሎ በፌስታልና በፕላስተር ተጠቅልሏል። ምጣዱ ግማሽ ሰዓት እንደሠራ ዘመዴ በእጁ ጀርባ ጠጋ ብሎ ሞከረውና እኔንም "ሳትነካ አስጠጋ" አለኝ። ሙቀቱ ከአንድ ጣት ርቀት ይሰማል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታም ነበረው። ምጣዱ 3,600 ዋት ነው፣ በ220 ቮልት ከ16 አምፔር በላይ ይስባል። ገመዱ የተዘረጋው ለአምፖል ነበር። ከዚያች ሴት ጋር ስለ ብር ስንጨቃጨቅ ልጆቿ የሚተኙት ከዚያ ገመድ ማዶ ነው።

ሞክረን ያልሠሩልን

የመጀመሪያው የእኔ ነው። በኮምፒውተር ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ፤ የእያንዳንዱን ዕቃ ዋት በሚሠራበት ሰዓት እያባዛሁ ለእያንዳንዱ በር ድርሻ አወጣሁ። ወረቀቱ ያምራል። ለሰው ሳሳየው ግን አንድ ወጣት "ስቶቭ በቀን ሁለት ሰዓት ያልከው እኛ ስንት ሰዓት ቤት እንደምንውል አይተህ ነው?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሰዓቱን የሚመሰክር ከሌለ ሠንጠረዡ ያው ካርቶኑ ነው፣ ጽሑፉ ስለሚነበብ ብቻ የተሻለ ይመስላል።

ምጣዱን በሰዓት መገደብም ሞከርን። ሦስት ቀን አልዘለቀም። መብራት በሚሄድበት ከተማ የጋጋሪን ሰዓት መወሰን አይቻልም፤ ሊጡ ደርሶ መብራት ሲጠፋ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሲመጣ ያን ጊዜ መጋገር አለባት።

ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን ቆጣሪ ማስገባት ትክክለኛው መፍትሔ ነበር። ሁሉም የራሱን እርከን ያገኝ ነበር። አልተሳካም። ይዞታው በሟቹ ስም ነው፣ ወራሾቹ አራት ናቸው፣ ሁለቱ ሳዑዲ ናቸው። የወራሽነት ማስረጃና ከሳዑዲ የሚመጣ ውክልና ሳይሟላ ማመልከቻው ወደፊት ሊሄድ አልቻለም።

የውስጥ ቆጣሪዎች

ስለዚህ የቀረን ከዋናው ቆጣሪ በኋላ ለእያንዳንዱ በር የውስጥ ቆጣሪ ማስገባት ነበር። ወጪውን እንዲህ ተከፋፈልን፦ ቆጣሪዎቹ ከቤቱ ጋር የሚቀሩ ስለሆኑ እትዬ ገዙ፣ የሽቦውንና የእጅ ዋጋውን ተከራዮች አዋጣን። ዘመዴ የእጅ ዋጋ አልወሰደም፤ የምጣዱን መስመር ግን በወፍራም ሽቦና በራሱ ብሬከር ለብቻ ካልዘረጋን አልሠራም አለ። ዘረጋን።

ስድስቱን ቆጣሪ ከመግጠማችን በፊት ፈተንናቸው። ይህን ሰው ሁሉ ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምመክረው ይህን ነው። ሁለት ሁለቱን በአንድ መስመር ላይ አስከትለን አንድ ማሞቂያ ሰካንባቸው። ለየብቻ መፈተን አያስተማምንም፤ ቮልቴጁ ስለሚዋዥቅ ያው ማሞቂያ በአሥር ደቂቃ ልዩነት የተለያየ ኃይል ይወስዳል። ተከታትለው ሲሆኑ ግን በሁለቱም የሚያልፈው አንድ ነው። 1,000 ዋት ሲያልፍበት እንዲህ ያለው ቆጣሪ በደቂቃ 26 ወይም 27 ጊዜ ብልጭ ማለት አለበት። አምስቱ እንደዚያ አሉ። ስድስተኛው 33 ቆጠረ። ሦስት ጊዜ ደገምነው፣ ያው 33። ወደ ሩብ የሚጠጋ ጨምሮ ይቆጥራል ማለት ነው። ቆጣሪዎቹን የሸጠልን ነጋዴ ያለ ክርክር ቀየረልን፤ እሱም አያውቅም ነበር። ያ ቆጣሪ ሳይፈተን ከአዛውንቱ ወይም ከጋጋሪዋ በር ላይ ቢገጠም ለዓመታት ያላግባብ ያስከፍላቸው ነበር፤ "ቆጣሪው ነው ያለው" ስንላቸውም መልስ አይኖራቸውም።

ሁሉንም ከዒድ በኋላ በረንዳው ላይ በአንድ ጣውላ ጎን ለጎን ገጠምናቸው። በየክፍሉ ውስጥ ይሁን ያሉ ነበሩ። ዘመዴ እምቢ አለ። የማንም ቆጣሪ ከሌላው ዓይን መደበቅ የለበትም፣ የሚያነብ ሰው ሲያነብ ሌላው ቆሞ ማየት መቻል አለበት አለ። ትክክል ነበር።

የመጀመሪያው ወር

የግንቦት ንባብ ይህ ነው። እትዬ 78፣ እንጀራ ጋጋሪዋ 140፣ እኔ 104፣ ወጣቶቹ 46፣ አዛውንቱ 6፣ ሱቁ 108። ድምሩ 482 ሲሆን ዋናው ቆጣሪ 496 አለ። የ14ቱ ልዩነት የደጁ መብራትና በሽቦ ላይ የሚባክን ነው፤ ከመቶ ሦስት አይሞላም። ሒሳቡን ያደረግነው የቢሉን ጠቅላላ ብር ለ482 አካፍለን፣ የወጣውን ዋጋ በእያንዳንዱ ንባብ በማባዛት ነው። ብክነቱ እንደ አጠቃቀማችን ተከፋፈለ። ልዩነቱ ከመቶ አምስት ካለፈ መስመሩ ይፈተሻል ብለንም ተስማማን።

ቁጥሮቹ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጋጋሪዋ በእርግጥ ከሁላችንም በላይ ትጠቀማለች፤ በካርቶኑ የምትከፍለው 190 አይበቃም ነበር። ይህን ስትሰማ አልተከፋችም። "አሁን እንጀራዬን ስንት ልሽጥ ብዬ ማስላት እችላለሁ" አለች። እስከዚያ ድረስ የመብራት ወጪዋን አታውቅም ነበር።

ሁለተኛው እኔ ነኝ። 104 ሲነበብ አላመንኩም። ዘመዴ ክፍላችን ገብቶ ጥግ ላይ ያለችውን ማሞቂያ አሳየኝ። ደሴ ቀዝቃዛ ነው፤ ልጃችን ከተወለደ ጀምሮ ጠዋት ሲታጠብና ማታ ሲተኛ አንድ አንድ ሰዓት እናበራታለን። አንድ ኪሎዋት፣ በቀን ሁለት ሰዓት፣ በወር 60። ካርቶኑ ላይ "ማሞቂያ" የሚል መስመር ስላልነበረ አንድም ቀን አልከፈልኩባትም። ሌሎችን ስጠረጥር ከጥር ጀምሮ ፍጆታው እንዲጨምር ካደረጉት አንዱ እኔ ራሴ ነበርኩ። ከዚያ ወር ጀምሮ የምከፍለው ጨመረ፣ ተገቢም ነበር።

ሦስተኛው አዛውንቱ ናቸው። 6 ኪሎዋት ሰዓት። ለዓመታት በወር 60 ብር ከፍለዋል፤ በአዲሱ ስሌት ከ15 ብር አያልፍም። ያም ቢሆን ሙሉ ፍትሕ አይደለም፤ የራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው የሚከፍሉት በ27 ሳንቲሙ እርከን ነበር። የእኛን ፍሪጅና ምጣድ እርከን እሳቸውም ይሸከማሉ። ስለዚህ ከእሳቸው እንዳንቀበል ሐሳብ አቀረብን። እትዬም "አንቱ ተዉት፣ እኛ እንሸፍነዋለን" አሏቸው። አዛውንቱ ግን ቆጣሪያቸው ሥር ቆመው፣ መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን ራሳቸው አነበቡና "እኔም እንደ ሰው ልክፈል" አሉ። በመጀመሪያው እርከን ዋጋ እንዲከፍሉ ተስማማን፤ የቀረችውን ትንሽ ልዩነት ሌሎቻችን ያዝን። በየወሩ 25ኛው ቀን ላይ ቀድመው የሚገኙት እሳቸው ናቸው።

ሱቁ

የሱቁ ነገር ቶሎ አለቀ። ባለሱቁ ከግንቦት ጀምሮ የንባቡን ያህል ለመክፈል ተስማማ፤ በምትኩ እትዬ ከኪራዩ ላይ ትንሽ ቀነሱለት። ንግድ ቤት የራሱ የታሪፍ ምድብ ስላለው ከመኖሪያ ቤት ቆጣሪ መቀጠሉም ትክክል አልነበረም። በንግድ ፈቃዱ የራሱን ቆጣሪ አመልክቶ በቀጣዩ ዓመት መስከረም ገባለት። የዋናው ቆጣሪ ወርሃዊ ንባብ ከ400 በታች ወረደ፤ እርከኑም አብሮ ወረደልን። ሁላችንም አጠቃቀማችንን ሳንቀንስ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ቀነሰ።

ለሌላ ግቢ የሚሆነው

ለሁለቱ ወዳጆቼ ያልኳቸው ይህንን ነው። ከመጣላት በፊት ቢያንስ የስድስት ወር ቢል ዘርጉና ንባቦቹን ተመልከቱ። ተመሳሳይ ቁጥር ከተደጋገመ ግምት ነው፤ ከግምት በኋላ የሚመጣ ትልቅ ቢል የዚያ ወር ብቻ አይደለም። ሁሉን ነቅሎ ቆጣሪውን ማየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ብልጭታው ካልቆመ ፍለጋው ከሰው ወደ ገመድ ይዞራል።

በዕቃ ቁጥር ማስከፈል በጣም የሚጎዳው ትንሽ የሚጠቀመውን ነው። አምፖል ያለው ሁሉ እኩል አያበራም፤ የእኛ አዛውንት አራት እጥፍ ይከፍሉ ነበር፤ ማንም ክፉ ሰው አልነበረም፣ ካርቶኑ ብቻ ነበር። አሁን ደግሞ ካርቶን ጨርሶ አያዋጣም፤ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እንዲስተካከል ስለተወሰነ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ከርሞ ሳይሆን በሩብ ዓመት ያረጃል። የቢሉን ጠቅላላ ለንባቡ ድምር የማካፈል ዘዴ ግን ታሪፉ ቢለወጥም ራሱን ያስተካክላል።

አከራዮችንም አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ቢሉን አሳዩ። እትዬ ያንን የብስኩት ቆርቆሮ ሳይሰስቱ ባይሰጡኝ ኖሮ እኔ እስከ ዛሬ እንደጠረጠርኳቸው ነበር የምኖረው። ተከራይ የሚከፋው በብሩ መጠን ብቻ አይደለም። የእኔ ክፍያ ጨምሮ እንኳ ቅሬታዬ ጠፍቷል፤ ከየት እንደመጣ አይቼዋለሁና።

አሁን ያለበት

እኔ ከግቢው ወጥቻለሁ፤ በክፍሌ ሌላ ቤተሰብ ገብቷል፤ ሲገቡ የቆጣሪውን ንባብ ከእትዬ ልጅ ጋር ፈርመው ተረክበዋል። ካርቶኑ ተነስቶ በምትኩ የየወሩ ንባብ የሚጻፍበት ደብተር በረንዳው ላይ ተሰቅሏል። ከሳዑዲ የሚጠበቀው ውክልና ከሁለት አንዱ መጥቷል፣ ሁለተኛው ገና ነው። እሱ ሲደርስ እትዬ መጀመሪያ የሚያመለክቱት ለአዛውንቱ ክፍል ቆጣሪ እንደሆነ ነግረውኛል።